በደረቅ ወቅት እንቁላል ማስታቀፍ፦ ውሃ መርጨቱን ይተዉት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሸዋሮቢት ነው። 4 የሀበሻ ዶሮና 1 አውራ አለኝ። በሁዳዴ ጾም ያጠራቀምኳቸውን 11 እንቁላሎችና ከገበያ የገዛኋቸውን 4 እንቁላሎች፣ በድምሩ 15፣ ለአንዷ ዶሮ አስታቀፍኳት። ጎጆዋ የጤፍ ጭድ ያለበት ካርቶን ነው፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ከቆርቆሮው ስር ባለው ቆጥ ላይ አስቀመጥኩት። ጎረቤቴ ‹አየሩ ደርቋልና ማታ ማታ ውሃ እርጪበት› ስላለችኝ ስረጭ ቆየሁ። የተፈለፈሉት 5 ብቻ ናቸው። 3ቱ ቅርፊቱን ከበሱ በኋላ እዚያው ደርቀው ሞቱ፤ እየወጡ እንደሆነ ለማየት ደጋግሜ ከስሯ አነሳቸው ነበር። የቀሩትን ሰብሬ ሳይ 2ቱ ንጹህ አስኳል ናቸው፣ 2ቱ ደም አለባቸው፣ 1 ገምቷል፣ 2ቱ ደግሞ ሙሉ ጫጩት ሆነው ሳይበሱ ሞተዋል። አማቴ ‹ድሮም በበጋ አይታቀፍም› ይላሉ። አሁን ሁለተኛዋ ዶሮ ጎጆው ላይ መዋል ጀምራለች። ውሃውን ልጨምር? ወይስ ማሽን ልግዛ?»

ምላሽ፦ ውሃውን አይጨምሩ። እንዲያውም ጭራሽ ይተዉት። ማሽንም አያስፈልግዎትም። ከጉዳቱ ከፊሉ የደረሰው ዶሮዋ እንቁላሉ ላይ ከመቀመጧ በፊት ነው። የቀረው ደግሞ በአብዛኛው ከጎጆው ቦታና በመጨረሻዎቹ ቀናት እንቁላሉን ከማንሳት የመጣ ነው። የአየሩ ድርቀት በራሱ የገደለው ቢኖር ጥቂት ነው።

ያልተፈለፈሉትን ሰብረው ማየትዎ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ሰብስቦ ይጥላቸውና «ዶሮዋ ዕድል የላትም» ብሎ ያልፋል። እርስዎ የቆጠሯቸው 10 እንቁላሎች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ወደ እነሱ ከመሄዳችን በፊት ግን ስለ ውሃው አንድ ነገር መስተካከል አለበት።

እንቁላል በሚታቀፍበት 21 ቀን ውስጥ ውሃ ማጣት አለበት። ይህ ጉዳት አይደለም፣ ለጫጩቱ የግድ ነው። ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነዚህ በኩል እርጥበት ይወጣል፣ አየር ይገባል። 43 ግራም የሚመዝን የሀበሻ ዶሮ እንቁላል እስኪፈለፈል ድረስ ከክብደቱ 12 በመቶ ገደማ ያጣል። ይህ ወደ 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ነው። በሄደው ውሃ ፋንታ በሰፊው ጫፍ በኩል የአየር ኪስ ይፈጠራል። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከመብሳቱ በፊት የመጀመሪያውን ትንፋሽ የሚወስደው ከዚህ ኪስ ነው። ውሃው በበቂ ካልወጣ ኪሱ ጠባብ ይሆንና ጫጩቱ ፈሳሽ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ከመጠን በላይ ከወጣ ደግሞ ከቅርፊቱ ስር ያለው ስስ ሽፋን ደርቆ ጫጩቱን ይይዘዋል። ስለዚህ «እርጥበት በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከመነሻው ትክክል አይደለም።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ከዶሮዋ ሆድ ስር ያለው አየርና የክፍሉ አየር አንድ አይደሉም። ለመታቀፍ የተዘጋጀች ዶሮ የሆዷን ላባ ታራግፋለች፤ የተራቆተው ሙቅ ቆዳዋ በቀጥታ እንቁላሉን ይነካል። ከእንቁላሎቹ የሚወጣው እርጥበትም ከስሯ ቶሎ አያመልጥም። ዶሮዋ ረግታ እስከተቀመጠች ድረስ የውጭው ድርቀት እንቁላሉ ጋ የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። እሷ እየተነሳች ብዙ የምትቆይ ከሆነ ግን መከላከያው ይጠፋል። በደረቅ ወቅት ልናስብበት የሚገባው እንግዲህ እንቁላሉን ስለማርጠብ ሳይሆን ዶሮዋ ለምን እንደምትነሳ ነው።

በእጅ የሚረጨው ውሃ ደግሞ ጉዳት አለው። እንቁላል ሲጣል በላዩ የማይታይ ስስ ልባስ ይኖረዋል፤ ይህ ልባስ ጀርም በቀዳዳዎቹ እንዳይገባ ይከላከላል። በየማታው ማርጠብ ይህን ያዳክመዋል። ከዚያም በላይ፣ 38 ዲግሪ ገደማ በሞቀ እንቁላል ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ የውስጡ ይዘት ይኮማተርና ከላይ ያለውን ውሃ ከነቆሻሻው ወደ ውስጥ ይስባል። ያ የገማው እንቁላልዎ በዚህ መንገድ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የገማ እንቁላል ጎጆ ውስጥ ከፈነዳ ጣጣው ለሌሎቹም ይተርፋል፤ የፈሰሰው ነገር የጎረቤቶቹን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ጀርሙንም ያዛምታል።

አሁን ወደ 10ሩ እንመለስ። ሁለቱ ንጹህ አስኳል የሆኑት ከመጀመሪያውም ዘር አልነበራቸውም። ምንም ቢታቀፉ፣ ምንም ቢረጠቡ ጫጩት አይሆኑም። የገበያዎቹን እጠረጥራለሁ። ገበያ ላይ የሚሸጠው የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል በአብዛኛው አውራ ከሌለበት ግቢ የሚመጣ ነው። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ቢሆን እንኳ መቼ እንደተጣለ፣ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደዋለ፣ በምን መንገድ ተንገጫግጮ እንደመጣ አይታወቅም። ለመብላት የሚገዛና ለማስታቀፍ የሚመረጥ እንቁላል የተለያዩ ናቸው።

ሁለቱ ደም ያለባቸው ፅንሱ በመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሞተባቸው ናቸው። ሲሰብሩት ቀጭን የደም ክብ አስኳሉ ላይ ካዩ ምልክቱ ይህ ነው። የዚህ ዋነኛ ምክንያት የእንቁላሉ ዕድሜና የተቀመጠበት ሙቀት ነው። ሙሉ ጫጩት ሆነው ሳይበሱ የሞቱት 2ቱ ደግሞ በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ቀናት ከመጠን በላይ ሙቀት ወይም የሙቀት መዋዠቅ የደረሰባቸው ናቸው። የበሱትና የደረቁት 3ቱ ላይ ድርቀቱ እጁ አለበት፤ ነገር ግን በር የከፈተለት ከእናታቸው ስር መነሳታቸው ነው። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «በሁዳዴ ያጠራቀምኳቸው» ያሉት ነው። ይህ በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም። በጾሙ 55 ቀናት እንቁላል አይበላም፣ ገበያውም ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ በየቤቱ ይጠራቀማል። ጾሙ የሚውለው ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ በቆላው ሙቀቱ እየጨመረ በሚሄድበት ወቅት ማለት ነው። ያረጀ እንቁላልና ሞቃት ክፍል በአንድ ወቅት ይገጥማሉ። ከዚያ ለፋሲካ ሰሞን ዶሮዋ ትታቀፋለች፣ ውጤቱ ይበላሻል፣ ጥፋቱም በአየሩ ላይ ይለጠፋል።

ለመታቀፍ የታሰበ እንቁላል የሚወደው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ የሆነ ቦታ ነው። እዚያ አንድ ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል፤ ከ10 ቀን በኋላ መዳከም ይጀምራል። ሙቀቱ ከ24 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ግን ፅንሱ ዶሮ ሳትቀመጥበት በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ማደግ ይጀምራል። ሙሉ ሙቀት ስለማያገኝ በትክክል አያድግም፣ ጭራሽ ስላልበረደም አያርፍም። እንዲህ የሰነበተ ፅንስ ዶሮዋ ስትቀመጥበት ጥቂት ቀን ሄዶ ይሞታል። ከዚህ ተርፎ የሚፈለፈለውም ዘግይቶ ነው የሚወጣው፣ ያውም ደክሞ። እናቲቱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች ይዛ ከጎጆ ስትወርድ የዘገዩትን ትታቸው ትሄዳለች። በዚያ ላይ እንቁላሉ በተቀመጠበት ቀን ሁሉ ውሃ እያጣ ነው። 21 ቀን ሊበቃው የሚገባውን እርጥበት ሳይታቀፍ አባክኖት ይገባል ማለት ነው። የድርቀቱ ዋና ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዶሮዋ ከተቀመጠች በኋላ የሚረጭ ውሃ ይህን አይመልሰውም።

ስለዚህ እንቁላሉን በየቀኑ ያንሱ። ጎጆው ውስጥ አንድ ብቻ ምልክት አድርገው ይተዉ፣ ዶሮዋ ቦታውን እንዳትጠላው። በተነሳው ላይ ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት፤ በእስክሪብቶ ወይም በማርከር አይሁን። ማስቀመጫው የሸክላ ማሰሮ ቢሆን ጥሩ ነው። በውሃ የራሰ አሸዋ በሞላበት ሳፋ ውስጥ ማሰሮውን ይትከሉት፣ አፉን በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው ጥግ መሬት ላይ ያኑሩት። አሸዋው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ውስጡ ከክፍሉ ይቀዘቅዛል። ውሃው ማሰሮው ውስጥ መግባት የለበትም። እንቁላሎቹን ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ይደርድሯቸው። ጤፍ ወይም ምስር ውስጥ መቅበር የለመዱ ብዙ ናቸው። ከመንገጫገጭና ከፀሐይ ያድናል፣ መጥፎ አይደለም፤ ዕድሜውን ግን አያቆምለትም። የቤት ፍሪጅ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል። በእርስዎ አገር ሙቀት፣ በማሰሮው እንኳ፣ ከ7 ቀን ያለፈውን እንቁላል ለዶሮዋ አይስጡ። ማሰሮ ከሌለ ከ4 ቀን አይለፍ። ያረጀው ይበላ።

ሁለተኛው ነገር ቆጡ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ቀኑ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከቆርቆሮ ስር ያለው አየር ከ40 ሊያልፍ ይችላል። ፅንሱ የሚፈልገው ወደ 38 ነው። በሌላ ቦታ ዶሮዋ ለመብላት ለ20 ደቂቃ ብትነሳ እንቁላሉ ትንሽ በርዶ ይቆያታል፣ ምንም አይሆንም። ከቆርቆሮ ስር ግን እሷ ስትነሳ እንቁላሉ ይግላል። እሷም ሙቀቱን አትችለውም። አፏን ከፍታ ስታለከልክ፣ ክንፏን ዘርግታ ከእንቁላሉ ከፍ ብላ ስትቆም አይተው ከሆነ ቦታው እንዳልተስማማት እየነገረችዎት ነበር። ካርቶኑም ቢሆን እርጥበት ይመጥጣል እንጂ አይሰጥም።

የዶሮ ዘር ጥንትም እንቁላሉን የሚጥለው መሬት ላይ፣ ቅጠልና ሳር መሃል ነው። ከስር ያለው አፈር ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እርጥበት ይሰጠዋል። እኛ ከመሬት ስናነሳው ይህን እናሳጣዋለን፤ ስለዚህ አፈሩን ይዘንለት መሄድ አለብን። አሠራሩ ቀላል ነው። አሮጌ ሳፋ ወይም ሰፊ የሸክላ ስባሪ ይፈልጉ። ሳፋው ፕላስቲክ ከሆነ ከስሩ ጥቂት ቦታ ይብሱት። ጣት በሚያህል ውፍረት ሳይሆን መዳፍ በሚያህል ውፍረት፣ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር፣ አፈር ይሙሉበት። አፈሩ በእጅ ሲጨመቅ የሚያያዝ እንጂ ውሃ የሚንጠባጠብበት ጭቃ መሆን የለበትም። መሃሉን በጡጫ ጎድጎድ ያድርጉት፣ እንቁላሎቹ ወደ መሃል እንዲሰበሰቡ እንጂ ወደ ጠርዝ እንዳይንከባለሉ። በላዩ ደረቅ ሳር ወይም ጭድ ይነስንሱበት። ጆንያ ወይም ጨርቅ አያንጥፉ፤ የዶሮዋም የጫጩቶቹም ጥፍር ይያዝበታል።

ከዚያ በየ3 ወይም በየ4 ቀኑ፣ ዶሮዋ ለመብላት ስትወርድ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ በሳፋው ጠርዝ በኩል አፈሩ ላይ ያፍስሱ። ጭዱ አይረጥብ፣ እንቁላሉ አይነካ። በ18ኛው ቀን አንድ ሙሉ ብርጭቆ ይስጡትና ከዚያ በኋላ ጎጆውን ይተዉት። ለእርጥበት የሚያስፈልገው ሥራ በሙሉ ይህ ነው።

ቦታውን ለመምረጥ ቴርሞ ሜትር ባይኖርዎ ዶሮዎችዎን ይዩ። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ በራሳቸው ፈቃድ የሚያርፉበት ጥላ ከግቢው ቀዝቃዛው ቦታ ነው። ጎጆውን እዚያ ወይም በዚያ በኩል ባለው የጭቃ ግድግዳ ስር መሬት ላይ ያድርጉት። ሸለምጥማጥና ድመት እንዳይደርሱበት በእንቅብ ወይም በሽቦ የሚከደን ይሁን፤ አየር ግን ይግባው። ከቆርቆሮ ቤት ውጭ ሌላ ከሌለ ጣሪያው ላይ ወፍራም የሳር ንጣፍ ይጫኑበት፣ ጎጆውም ወለሉ ላይ ይውረድ።

ዶሮዋን በሚመለከት፣ በሙቀት ጊዜ ውሃ ከጎጆው ሁለት ሦስት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ ጥላ ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ መኖር አለበት። ውሃ ፍለጋ ጓሮ ለጓሮ የምትዞር ዶሮ እንቁላሏን ለሙቀቱ ትታ ነው የምትሄደው። ምግቧ ጥሬ እህል ይሁን፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ስንዴ። እህል ያጠግባታል፣ ኩሷንም ደረቅ ያደርገዋል፤ ጎጆዋን አታቆሽሽም። በቀን አንድ ጊዜ ወጥታ በልታ፣ ጠጥታ፣ ትልቅ ኩስ ጥላ፣ አቧራ ላይ ተንከባልላ ብትመለስ ጤነኛ ነች። ጭራሽ የማትነሳ ከሆነ ግን በቀን አንዴ በእጅዎ ቀስ አድርገው ያውርዷት፤ ሳትበላ የምትከሳ ዶሮ በመጨረሻው ሳምንት ትታ ትሄዳለች።

ቅንቅንና ቁንጫም በሙቀት ወቅት በጣም ይራባሉ። ቅንቅን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ማታ ስለሆነ ቀን ሲታይ ዶሮዋ ንጹህ ትመስላለች። ከማስታቀፍዎ በፊት በነበሩት ምሽቶች በስልክ መብራት ከክንፏ ስርና ከጭራዋ ግርጌ ይፈትሹ፤ ዓይኗና ኩክኒዋ አካባቢ የተጣበቀ ጥቁር ቁንጫም ይፈልጉ። ካለባት መጀመሪያ እሱ ይታከም፣ የቆየው ጭድ ይቃጠል። አመድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የምትንከባለልበት ጉድጓድ ውስጥ ይሁን እንጂ እንቁላሉ ላይ አይነስነስ። የሰብል ፀረ ተባይ ደግሞ ጎጆ ውስጥ ማድረግ ፈጽሞ አይሞከር። ፅንሱን ይገድላል፣ ሰውንም ይጎዳል።

ከተቀመጠች በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን በስልክ መብራት ይዩ። ክፍሉ ይጨልም፣ መብራቱን በሰፊው ጫፍ ላይ ያስጠጉ። ፅንስ ያለው ከአንድ ጥቁር ነጥብ ተነስተው ወደ ዙሪያ የሚበተኑ ቀያይ የደም ስሮች ያሳያል። ጭራሽ ብሩህ ሆኖ የሚታየውን ያውጡት፤ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። በዚያው ብርሃን የአየር ኪሱን መስመር በእርሳስ ያስምሩበት። በ14ኛው ቀን ይድገሙት፣ በ18ኛው ቀን ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ይዩት። ኪሱ በ18ኛው ቀን ከእንቁላሉ ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነውን ከያዘ እርጥበቱ ትክክል ነው። ከሲሶ በጣም አልፎ ከወረደ እውነትም ደርቋል፤ አፈሩ ላይ የሚያፈሱትን ውሃ ለሚቀጥለው ዙር ይጨምሩ። ከሩብ ካነሰ ይቀንሱ። ጎረቤትም ሆነ እኔ ከምንነግርዎ በላይ ይህ መስመር ይነግርዎታል። አንዳንድ ሰዎች በመጨረሻው ቀን እንቁላሉን ውሃ ውስጥ እየከተቱ መንቀሳቀሱን ያያሉ። ይህን አያድርጉ፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ወይም የተበሳ ካለ ጫጩቱን ያሰጥሙታል።

ከ18ኛው ቀን ማታ ጀምሮ እጅዎን ይሰብስቡ። ጫጩቱ መጀመሪያ ወደ አየር ኪሱ ይወጣና በሳንባው መተንፈስ ይጀምራል። ከዚያ ቅርፊቱን በትንሹ ይበሳና ያርፋል። ይህ ዕረፍት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይወስዳል። ለሚያየው ሰው ጫጩቱ የተቸገረ ይመስላል። በዚያ ሰዓት ግን በሽፋኑ ላይ ያሉት የደም ስሮች እየደረቁ ደሙ ወደ ሰውነቱ እየገባ ነው፤ የቀረው አስኳልም ወደ ሆዱ እየተሰበሰበ ነው። ቀዳዳው አንዴ ከተከፈተ ስሱ ሽፋን በሆዷ ስር ካለው እርጥብ አየር ወጥቶ የደረቁን አየር ከነካ በደቂቃዎች ውስጥ ነጭና እንደ ቆዳ ጠንካራ ይሆናል። ላባው ላይ ይጣበቃል። ጫጩቱ መዞር ስለማይችል ቅርፊቱን ዙሪያውን መቁረጥ ያቅተዋል። ሦስቱ የሞቱት በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። በጉጉት ያደረጉት እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን በደረቅ ወቅት ለዚህ ቦታ የለም።

ከተበሳ 24 ሰዓት አልፎት ምንም ለውጥ የሌለው ካለ ብቻ፣ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ሽፋኑ ላይ ለአፍታ አስነክተው ወደ እናቱ ይመልሱት። ደም ከታየ ወዲያው ያቁሙ። ልጦ ማውጣት ብዙ ጊዜ ደም ያፈሰዋል፤ ተርፎ የወጣውም ብዙውን ጊዜ ደካማ ነው።

አማትዎ ያሉት በከፊል ልክ ነው። በእርስዎ አካባቢ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ሙቀት ለመታቀፍ ከባዱ ጊዜ ነው። «በጋ» ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ለቆላው ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ነው። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ እንቁላል ቢቀመጥ አይጎዳም፣ አዝመራ ስለገባ ፍርፋሪው ብዙ ነው፣ መሬቱም ደረቅ ስለሆነ ጫጩት በጭቃና በብርድ አይሞትም። የፈንግል በሽታም ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። በታኅሣሥ የተፈለፈለ ጫጩት ለእንቁጣጣሽ 9 ወር ይሞላዋል፤ አውራው ለገበያ፣ ቄቧ ለእንቁላል ይደርሳሉ። ይህን የምታነቡ የደብረ ብርሃን ወይም የአዲስ አበባ ሰዎች ደግሞ የእናንተ ችግር ሌላ ነው። እንቁላል ማስቀመጫው ቀዝቃዛ ስለሆነ ብዙ አይበላሽም። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ግን እንቁላል ውሃውን ቶሎ ያጣል፤ አፈር ያለበት ጎጆ ለእናንተም ይጠቅማል። ጎጆው ቤት ውስጥ፣ ከውርጭና ከነፋስ የራቀ ይሁን።

ማሽኑን በተመለከተ፣ በአንድ ጊዜ ከ40 ወይም ከ50 በታች እንቁላል ለሚያስፈለፍል ቤተሰብ አልመክርም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጭንቀት ነው፤ እርጥበቱንም፣ ማገላበጡንም፣ የጫጩቶቹን ሙቀትም እርስዎ ይሸከሙታል። ዶሮዋ ይህን ሁሉ በነጻ ትሠራለች። ቁጥር ከፈለጉ ሁለት ዶሮ በአንድ ምሽት ያስታቅፉ። በ7ኛው ቀን ዘር የሌለውን አውጥተው የቀረው ከአንዷ አቅም የማያልፍ ከሆነ ወደ አንዷ ያዛውሩት። ሁለቱም ካስፈለፈሉ ጫጩቶቹን በሌሊት ለአንዷ እናት መስጠት ይቻላል፤ ሌላዋ ቶሎ ወደ መጣል ትመለሳለች። አየሩ ሞቃት ስለሆነ አንዲት ዶሮ 15 ጫጩት ማሳደግ አይከብዳትም።

ለሁለተኛዋ ዶሮዎ እንግዲህ ይህን ያድርጉ። ዛሬ ካለው እንቁላል አንዱንም አያስቀምጡላት፤ ምልክት ባደረጉበት አንድ እንቁላል ላይ ትቆይ። ከሚጥሉት ሁለቱ ዶሮዎች በአንድ ሳምንት 7 ወይም 8 ይገኛል። ካነሰ አውራ ካለው ጎረቤት በዚያው ሳምንት የተጣለ ይቀይሩ። የመጣው እንቁላል ሹሉ ወደ ታች ሆኖ አንድ ሌሊት ይረፍ። 15 አይሞክሩ። የሀበሻ ዶሮ በዚህ ሙቀት 8 ወይም 9 በደንብ ትሸፍናለች፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዳር ያሉት ተራ በተራ ይበርዳሉ ወይም ይግላሉ። የቆሸሸ፣ የተሰነጠቀ፣ ከመጠን በላይ ትልቅ ወይም ቅርፁ የተዛባ አይግባ።

አፈር ያለበትን ጎጆ መሬት ላይ አዘጋጅተው ማታ 1 ሰዓት ሲመሽ ዶሮዋን ወስደው ያስቀምጧት፤ ቀን ካዛወሯት ወደ ቆጡ ትመለሳለች። ምልክት ያለውን እንቁላል አውጥተው አዲሶቹን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይስጧት። ሰኞ ማታ ካስታቀፉ መፈልፈያው በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ነው፤ ትኩስ እንቁላል ከዚያ አንድ ቀን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ነው። ሌሎች ዶሮዎች መጥተው እላዩ እንዳይጥሉባት በየማታው ቀን ያልተጻፈበት እንቁላል ካገኙ ያንሱ።

ከ9 እንቁላል 6 ወይም 7 ጫጩት ቢወጣ በዚህ ወቅት መልካም ውጤት ነው፤ 9ኙም ይፈለፈላሉ ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። አሁን ከታቀፈች ጫጩቶቹ ከክረምቱ መግቢያ ጋር ስለሚገጥሙ የፈንግል ክትባቱን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ከወዲሁ ይነጋገሩ። እናቲቱ ጫጩቶቿን ይዛ እስክትወርድ አይቸኩሉ፤ የገባው አስኳል ሁለት ቀን ያኖራቸዋል። ስትወርድ ውሃውን በዝርግ ዕቃ ያቅርቡ፣ እንዳይሰጥሙበትም ውስጡ ጠጠር ይደርድሩበት።